ዘፋኙን አልቅሰን ሸኘን፤ ባንዱስ?

ዓለማየሁ እሸቴ ያረፈው ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ዕድሜው 80 ነበር። አዲስ ዓመት ሊገባ ጥቂት ቀናት ነበር የቀሩት። ያን ሰሞን ሬዲዮው ሁሉ የእሱ ሆነ። እዚህ ጅማም ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ድምፁ ሲሰማ ሰነበተ። ፌስቡክ በጥቁርና ነጭ ፎቶው ተሞላ። ወደ ላይ የተበጠረ ፀጉር፣ ሰፊ ኮሌታ፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ ኮት። "የኢትዮጵያው ኤልቪስ" የሚለው ቅጽል ስም ደጋግሞ ተጠራ። ለአገር የዘፈነ ሰው እንዲህ ሲሸኝ ደስ ይላል። የሚገባው ነው።

በዚያ ሁሉ ለቅሶ ውስጥ ግን አንድ ስም እምብዛም አልተነሳም። ዓለም-ግርማ ባንድ። ዓለማየሁ ከፒያኒስቱና ከአቀናባሪው ከግርማ በየነ ጋር ሆኖ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቆመው ባንድ ነው። ስሙም የሁለቱ ስም ነው። ዕድሜው አጭር ነበር፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተበተነ። ሆኖም ዛሬ "የዓለማየሁ ዘፈን" ብለን ከምናዜማቸው ውስጥ በዚያ ባንድ የተሠሩ አሉ። ሰው ዘፈኑን ያውቃል፤ ባንዱን አያውቅም።

ይህን የምጽፈው ዓለማየሁን ለማሳነስ አይደለም። እንዲያውም በጣም ስለምወደው ነው። ድምፃዊ ሲሞት የምናለቅሰው ለአንድ ጉሮሮ ነው። የወደድነውን ነገር የሠሩት ግን ስድስትና ሰባት ሰዎች ናቸው። ቤዝ ጊታር የያዘው ማን ነው? ሳክስፎኑን ማን ነፋው? የመግቢያውን ዜማ ማን አሰበው? እነዚህን ሰዎች በስም ካልያዝናቸው የዘፈኑን ታሪክ አናውቀውም ማለት ነው። ጊዜውም እያለቀብን ነው። የሚያስታውሱት ሰዎች ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል።

እስቲ ባንዱ ከየት እንደመጣ እንይ።

ዓለማየሁ ተማሪ እያለ ጀምሮ የአሜሪካ ሮክ ዘፈን ይወድ የነበረ ልጅ ነው። ኮሎኔል ረታ ደመቀ ችሎታውን አይተው ወደ ፖሊስ ኦርኬስትራ አመጡት። በዚያ ዘመን ሙዚቀኛ መሆን ማለት በአብዛኛው የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን ነው። ክቡር ዘበኛ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው። ፖሊስም፣ ጦር ሠራዊቱም እንደዚያው። ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ። ሙዚቀኛው የደንብ ልብስ ይለብሳል፣ ማዕረግ ይይዛል፣ በአለቃ ይታዘዛል። ሳክስፎኑ፣ ትራምፔቱ፣ ድራሙ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው። ዘፋኙ ዛሬ ቢታመም ነገ ሌላ ይተካል። ኦርኬስትራው ግን ይቀጥላል።

በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነገሩ መለወጥ ጀመረ። አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴሉና የምሽት ክበቡ በዛ። ወጣቱ የሶልና የሮክ ሸክላ መስማት ጀመረ። ከመንግሥት ቤት ውጪ የሚሠሩ ትናንሽ ባንዶች ብቅ ብቅ አሉ። ራስ ባንድ፣ ሶል ኤኮስ፣ ቆይቶም ዋልያስና አይቤክስ የዚህ ዘመን ልጆች ናቸው። ዓለም-ግርማም ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰላሳ ሰው የነበረው ኦርኬስትራ ወደ ስድስትና ሰባት ሰው ወረደ። ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ሰባት ሰው ሲሆኑ የእያንዳንዱ ጣት ይሰማል። ማንም ከማንም ጀርባ አይደበቅም።

ሸክላውም ያኔ ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የሀገር ፍቅር ነበር። ዐምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን አጥር ደፍሮ ዘለለው። ዐምሃ ሪከርድስን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የማን ነበር? የዓለማየሁ እሸቴ። ዐምሃ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም "የአዲስ አበባ ወርቃማ ዘመን" የሚለው ሙዚቃ አብዛኛው በእነዚያ ሸክላዎች የቀረ ነው። ዐምሃም ያረፈው በዚያው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ከዓለማየሁ ጥቂት ወራት ቀድሞ። የእሱ ሞት ግን እዚህ ጅማ ጭራሽ አልተወራም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ግርማ በየነ ልመለስ። አቀናባሪ ምን እንደሚሠራ ብዙ ሰው በቅጡ አያውቀውም። ግጥምና ዜማ ተሰጥቶት ዘፈን አድርጎ የሚያወጣው እሱ ነው። የትኛው መሣሪያ ይጀምር? ነፋሾቹ ለድምፃዊው መልስ የሚሰጡት የት ላይ ነው? ድራሙ የት ይቁም? ፒያኖው ይሙላ ወይስ ዝም ይበል? የሸክላ አንድ ገጽ ሦስት አራት ደቂቃ ነው የሚይዘው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ትርፍ ነገር አይገባም።

የዓለማየሁን አዘፋፈን አስቡት። ይጮኻል፣ ያቃስታል፣ ቃሉን ቆርጦ ይተወዋል፣ ተመልሶ ይዞት ይነሳል። እንዲህ ያለ ድምፅ ከበታቹ ምቱ የላላ ከሆነ ይወድቃል። ጩኸት ብቻ ይሆናል። የማይወድቀው ቤዙና ድራሙ እንደ ምሰሶ ስለያዙት ነው። ትንፋሽ ሲወስድ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ ይቀበሉታል። ቅኝቱ የእኛው ነው፤ ምቱ ደግሞ የሶል። ሁለቱን ሳያጣሉ አንድ ላይ ማስቀመጥ ትልቅ ሙያ ነው። ግርማ ይህን ሙያ ለዓለማየሁ ብቻ አልሠራም። ለዚያ ዘመን ድምፃውያን ከ60 በላይ ዘፈን እንዳቀናበረ ይነገርለታል። እሱ ራሱ በድምፁ የተቀረጸው ግን አራት ዘፈን ነው። አራት ብቻ። የቀረው ሥራው ሁሉ የሚጠራው በሌላ ሰው ስም ነው።

አንድ ቀን ማዳመጫ ጆሯችሁ ላይ አድርጉና ድምፁን ተዉት። ፒያኖውን ብቻ ተከተሉ። ለብዙ ዓመት የምታውቁት ዘፈን አዲስ ይሆንባችኋል።

እንግዲህ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ባንዱ ለምን ቶሎ ተበተነ? የዚያ ዘመን ባንዶች ብዙዎቹ ዕድሜ አልነበራቸውም። ሰው "ተጣልተው ነው" ይላል። መጣላትማ ይኖራል። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ይመስለኛል።

ትልቁ ችግር መሣሪያው ነው። ጊታሩ፣ አምፕሊፋየሩ፣ ኦርጋኑ ብዙውን ጊዜ የሆቴሉ ወይም የክለቡ ባለቤት ንብረት ነበር። ከባለቤቱ ጋር የተጣላ ባንድ ባዶ እጁን ይወጣል። ዋልያስ እንደ ልዩ ነገር ከሚነገርላቸው አንዱ ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መሣሪያ መግዛታቸው ነው። ለዚህም ይመስለኛል ከብዙዎቹ በላይ የቆዩት። የክፍያው ነገርም አለ። ከሸክላ የሚገኘው ለአንድ ጊዜ የሚሰጥ ክፍያ ነው። ሸክላው አምስት ዓመት ቢሸጥ ተጫዋቹ ኪስ የሚገባ ነገር የለም። ስሙ የወጣው ድምፃዊ ሌላ ባንድ ጋር፣ ሌላ ክለብ ውስጥ የተሻለ ያገኛል። ቤዝ ተጫዋቹም እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል። ማንንም አልወቅስም። ልጅ ያሳደገ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ 1966 ዓ.ም. መጣ። አብዮቱ ፈነዳ። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ወረዱ። ሰዓት እላፊ ታወጀ። የምሽት ክበብ የሚኖረው በምሽት ነው፤ ሰው ከመሸ ከቤቱ መውጣት ካልቻለ ባንድ ለማን ይጫወታል? ዐምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. አገር ለቆ ወጣ። ሸክላው ቆመ፣ ዘመኑ የካሴት ሆነ። ዓለም-ግርማን የመሰሉ ትናንሽ ባንዶች ተመልሰው የሚሰባሰቡበት መድረክ ጠፋ።

የግርማን ቀሪ ታሪክ ስሰማ ልቤ ያዝናል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ጋር ለሥራ አሜሪካ ሄደ። እሱንና የኦርጋን ተጫዋቹን ኃይሉ መርጊያን ጨምሮ ከባንዱ ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ግርማ ለረጅም ዓመታት ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። ልብ በሉ፤ "ሙዚቃዊ ስልት" የተባለውን የዋልያስ መሣሪያ ብቻ ሥራ የደረሰው እሱ ነው። ያ ዜማ ዛሬ በብዙ አገር ባንዶች ይጫወቱታል። ጃፓን ድረስ ሄዶ ይሰማል። ደራሲው ግን ያን ሁሉ ጊዜ ቤንዚን ይቀዳ ነበር። ሥራ ክቡር ነው፤ ቤንዚን መቅዳትም ክቡር ነው። የሚያሳዝነው ማንም ፈልጎ አለመጠየቁ ነው። ኋላ ላይ አገሩ ተመለሰ። አካሌ ውቤ ከሚባል የፈረንሳይ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2017 አልበም አወጣ። በስሙ የወጣ አልበም ነው። ዕድሜው ያን ጊዜ 70 አልፎ ነበር።

አልበሙ የወጣው ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ ውስጥ 30ኛ ሆኖ ነው። ተከታታዩን የሚያዘጋጀው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። 9ኛውና 22ኛው ቅጽ ሙሉ በሙሉ የዓለማየሁ ናቸው። በዚህ ተከታታይ ላይ ብዙ ክርክር ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ያመሰግናል፣ አንዳንዱ ይቆጣል። እኔ በበኩሌ ስለ አንድ ነገር አመሰግናለሁ። ሲዲው ውስጥ ባለው ትንሽ መጽሐፍ ባንዱ፣ ዓመቱና የሸክላው አሳታሚ ተጽፏል። "ዓለም-ግርማ ባንድ" የሚለውን ስም ብዙ ወጣት ያወቀው ከዚያ ነው። ይህን መጽሐፍ እኛ ልንጽፈው ይገባ ነበር። ሰዎቹ እዚሁ ነበሩ፤ ቋንቋውም የኛ ነው።

ስሙ እንዴት እንደሚጠፋ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ጅማ መርካቶ አካባቢ ስልክ የሚጠግንና ሙዚቃ የሚጭን አንድ ልጅ አለ። ሱቁ ከአንድ ሰው በላይ አታስቆምም። ፍላሽ ሰጠሁትና የድሮ ዘፈን እንዲጭንልኝ ጠየቅሁት። "የድሮ" የሚል ፎልደር ከፈተ። ውስጡ "ዓለማየሁ 1"፣ "ዓለማየሁ 2"፣ "ዓለማየሁ ምርጥ"፣ "ትራክ 07" የሚሉ ፋይሎች ተደርድረዋል። አንዱን ከፈተው፤ የሌላ ዘፋኝ ድምፅ ሆኖ ተገኘ። አንዱ ዘፈን ሁለት ጊዜ አለ፤ አንደኛው መግቢያው ተቆርጧል። የተቆረጠው ፒያኖው ያለበት ቦታ ነው።

"ይሄን ማን ነው ያቀናበረው?" አልኩት።

"ዓለማየሁ ነዋ ጋሼ" አለኝ።

ልጁ ጥፋት የለበትም። ፋይሉ እንዲያ ብሎ ነው የደረሰው። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሃርድ ዲስክ ነው የገለበጠው። ያም ሃርድ ዲስክ ከሌላ የተገለበጠ ነው። ነገሩ ደረጃ በደረጃ የመጣ ነው። ሸክላው መሀሉ ላይ የተለጠፈ ክብ ወረቀት ነበረው፤ ዘፋኙና ባንዱ እዚያ ላይ ይጻፋሉ። በደርግ ዘመን ሙዚቃ ቤቶች ሸክላውን ወደ ካሴት መገልበጥ ጀመሩ። የካሴቱ ካርድ መስመሩ ጠባብ ነው፤ በእስክሪብቶ የሚጻፈው የዘፋኙ ስም ብቻ ሆነ። ካሴቱ ወደ ኤምፒስሪ ሲቀየር ካርዱም ቀረ። አሁን ቴሌግራም ላይ "የድሮ ምርጥ ዘፈኖች፣ ክፍል 3" ተብሎ ሁለት ሰዓት የሚፈጅ አንድ ፋይል ይለቀቃል። እዚያ ላይ የዘፋኙም ስም የለም። በየደረጃው አንድ አንድ መስመር እየጠፋ እዚህ ደረስን።

አንዳንድ አጭር ዕድሜ የነበራቸው ባንዶች ግን አልተረሱም። አፍረን ቀሎን ተመልከቱ። ድሬዳዋ ውስጥ በ1950ዎቹ የተቋቋመ የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ መንግሥት ሥራውን አስቆመው። ዓሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው። "ቢራ" የሚለው ስም ራሱ የመጣለት እዚያ ሆኖ ከዘፈነው የመጀመሪያ ዘፈን ነው። ዓሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ጅማ በሙሉ አዘነች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ያን ቀን ስለ ዓሊ ያወራ ሰው ሁሉ አፍረን ቀሎንም አነሳ። ካፌ ውስጥ የተቀመጡ ወጣቶች ሳይቀሩ ያውቁታል። ለምን? ቡድኑ ከአንድ ሕዝብ ቋንቋና ክብር ጋር ስለተያያዘ ሰው ታሪኩን ለልጁ ሲነግር ኖሯል። በቡና ላይ፣ በሠርግ ላይ ተወርቷል። ዓለም-ግርማ እንዲህ ያለ ተራኪ አልነበረውም። የፍቅርና የዳንስ ባንድ ነበር። የሚያስጨፍር ባንድ እንደ ታሪክ አይቆጠርም። ይህ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ያን ዘመን የኖረ ሰው ስለ ወጣትነቱ ሲያስብ መጀመሪያ ወደ ጆሮው የሚመጣው የዳንሱ ሙዚቃ ነው።

ጅማ በዚህ ጉዳይ የራሷ ድርሻ አላት። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1943። አፋችንን ሞልተን "የኛ ልጅ" እንላለን። ደግ ነው። ሙላቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ኒውዮርክ ላይ ኢትዮጵያን ኩዊንቴት የሚባል ቡድን ይዞ አልበም አወጣ። አብረውት የተጫወቱት የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ። ያም ቡድን ዕድሜው አጭር ነበር። የኢትዮ ጃዝ ሙከራ ግን አንድ እግሩ ያለው እዚያ ነው። ከእነዚያ ተጫዋቾች የአንዱን ስም የሚነግረኝ ጅማ ውስጥ ብጠይቅ አላገኝም።

ወደ ቤታችን ደግሞ እንምጣ። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው፣ በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድን ነበር። ጅማ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች፤ ኪነቱ እዚህም ደማቅ ነበር። ጊታር የያዙት፣ አኮርዲዮን የተጫወቱት፣ በውዝዋዜ መድረክ ያንቀጠቀጡት ልጆች ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ቡና ነጋዴ ሆነዋል፤ አንዳንዶቹ መምህር ሆነው ጡረታ ወጥተዋል። በዘመኑ መፈክር ተገደው የዘፈኑት ብዙ ነገር አለ፤ ስለዚያ ማውራት ደስ የማይለው ሰው አለ፤ ይገባኛል። ግን ሙዚቃ መጫወት የተማሩት፣ እርስ በርስም የተዋወቁት እዚያ ነው። የእነሱ ቡድን ሲበተን ዜናም አልሆነም።

አሁን ደግሞ ወደ ገንዘቡ ልግባ። ስም የክብር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይህን ያንብብ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሁለት ዓይነት ሰዎችን ለያይቶ ያያል። አንደኛው የሥራ አመንጪ ነው፤ ግጥምና ዜማ የደረሰ፣ ሥራውን ያቀናበረም በራሱ ቅንብር ላይ። የእሱ የገንዘብ መብት በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ሁለተኛው ከዋኝ ነው፤ የዘፈነና የተጫወተ። የእሱ መብት የሚቆየው ሥራው ከተቀረጸ ጀምሮ 50 ዓመት ነው። አሁን ቁጥሩን እናስላ። ዐምሃ ሪከርድስ የሠራው ከ1961 እስከ 1967 ዓ.ም. ገደማ ነው። 50 ዓመት ሲደመር ከ2011 እስከ 2017 ይሆናል። ስለዚህ በዚህ አቆጣጠር የዓለማየሁ የመጀመሪያ ቅጂዎች ላይ የዘፋኝነትና የተጫዋችነት መብቱ አልቋል። ዜማና ግጥም የደረሰበት ላይ ግን ቤተሰቡ እስከ 2063 ዓ.ም. ገደማ መብት አለው። አቀናባሪውም ቢሆን ሲሞት ለወራሾቹ 50 ዓመት ይተዋል።

ይህ ማለት ምን ማለት ነው? ከእንግዲህ በእነዚያ ሸክላዎች ላይ ሕግ የሚጠብቀው መብት በዋናነት የደራሲውና የአቀናባሪው ነው። ስማቸውን የማናውቀው ደግሞ እነሱን ነው። የማሻሻያው አዋጅ 872/2007 ሮያሊቲ፣ ማለትም ሥራው ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር ለባለመብቱ የሚከፈለውን ገንዘብ፣ የሚሰበስቡ የጋራ አስተዳደር ማኅበራት እንዲኖሩ ደንግጓል። ሆቴሉ፣ ሬዲዮው፣ አውቶብሱ ይክፈል ተባለ እንበል። ገንዘቡ ለማን ይሂድ? "ትራክ 07" የሚል ፋይል ወራሽ የለውም። የአንድ አቀናባሪ ልጆች ጅማ ወይም አዳማ ተቀምጠው አባታቸው የሠራውን ሳያውቁ ሊቀሩ ይችላሉ።

"ሕዝቡ የወደደው ዘፋኙን ነው" የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። እውነትነት አለው። ፊቱን ለሕዝብ የሰጠው፣ ሲያጠፋ የሚሰደበው፣ ሲያረጅ "ድምፁ ሄደ" የሚባለው ዘፋኙ ነው። ቤዝ ተጫዋቹ በሰላም ገበያ ይወጣል። ዓለማየሁም ደርግ እስኪወድቅ፣ ከዚያም በኋላ አገሩ ላይ ሆኖ ሲዘፍን የኖረ ሰው ነው። በስተርጅናውም ለንደንና ኒውዮርክ ትልልቅ መድረኮች ላይ ወጥቷል። ክብሩን ማንም አይነካበትም። ግን ባንዱን ማንሳት ክብሩን አይቀንስም። ከግርማ ጋር ተጣምሮ ባንዱን በሁለቱ ስም የጠራው እሱ ራሱ ነው። ገና በወጣትነቱ፣ ስሙ በገነነበት ሰዓት፣ ብቻዬን አይደለሁም ብሏል። እኛ ነን ግማሹን የቆረጥነው።

ድምፃዊው ሙሉቀን መለሰ በ2016 ዓ.ም. ሲያርፍም ይኸው ተደገመ። አብሮት የሠራውን ዳህላክ ባንድን ያነሳ ስንት ነው?

ከጅማ ምን ይደረጋል? ብዙ ነገር ይደረጋል። ይህ ከተማ ካሴትና ሸክላ በየቤቱ ያስቀመጠ ከተማ ነው። የቡና ገንዘብ በነበረበት ዘመን ሰው ቴፕ ሪከርደር መግዛት ይችል ነበር። ችግሩ አየሩ ነው። ጅማ ዝናቧ ብዙ ነው፤ ክረምቱ ረጅም ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ እርጥበት ይይዛል። ካሴት ደግሞ እርጥበት አይወድም። አንድ ወዳጄ ከአልጋ ስር ያወጣውን ካርቶን ከፍተን አይተናል። የፕላስቲኩ መስኮት ውስጥ፣ በተጠቀለለው ክር ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ተረጭቷል። ክሩን የምትደግፈዋ ትንሽ ስፖንጅ ማጣበቂያዋ ለቋት ወድቃለች። አንዱ ካሴት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈው ደብዝዞ የመጨረሻው ፊደል ብቻ ይነበባል።

እንዲህ ያለ ካሴት ካላችሁ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት። ሻጋታው ማጫወቻውንም ያበላሻል፤ ክሩም ሊበጠስ ይችላል። በደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማታገኘው ስፍራ ለጥቂት ቀናት አድርቁት። ሻጋታውን ለስላሳ ብሩሽ ይዛችሁ ከቤት ውጪ ጥረጉት፤ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የማጫወቻውን ራስ በአልኮል አጽዱ። ከዚያ ክሩን በእርሳስ ቀስ ብላችሁ ወደ አንድ ወገን አጠንጥኑት። ሲጫወት ከማዳመጫው ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተር በገመድ አገናኙና ቅረጹት። ሲቻል ዌቭ በሚባለው ፎርማት አስቀምጡት፤ ኤምፒስሪው ለስልክ ይሁን፣ ዋናው አይነካ። ብዙ ጊዜ ያረጀ ካሴት አንድ ጊዜ ብቻ ነው በደንብ የሚጫወተው፤ ሳትቀርጹ አትሞክሩት።

ሌላው ሥራ ምንም ገንዘብ አይፈልግም። የካሴቱን ካርድና የሸክላውን ክብ ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱ። ፋይሉን ስትሰይሙት ዘፋኙን ብቻ አትጻፉ። ባንዱን፣ ደራሲውን፣ አቀናባሪውን፣ የሚታወቅ ከሆነ ዓመቱን ጨምሩ። የማታውቁትን ቦታ ባዶ ተዉት እንጂ በግምት አትሙሉት፤ አንድ የተሳሳተ ስም ቴሌግራም ላይ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። አንድ ቅጂ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ቢገባ፣ አንድ ቅጂ ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ዩኒቨርሲቲው ቦታውም ሰውም አለው፤ ሰብስብ የሚለው ሰው ነው የጠፋው። የጋዜጠኝነትና የቋንቋ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲያጡ አያለሁ። ርዕሱ እዚህ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ቡና እየመዘነ ነው።

ሰዎቹን ማነጋገርም አለ። በኪነት፣ በትምህርት ቤት ባንድ፣ በሆቴል ባንድ ውስጥ የነበሩ ጋሼዎችና እትዬዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው። ቡና ይፈላ፣ ስልኩ ይቀዳ። ብዙዎቹ ስለ ዘፋኙ ማውራት ነው የሚቀናቸው፤ ያንንም አዳምጡ። ከዚያ ግን መሣሪያው የማን እንደነበር፣ የት እንደሚለማመዱ፣ ስንት እንደሚከፈላቸው፣ ማን መቼ እንደወጣ ጠይቁ። ቤዝ ማን ይጫወት እንደነበርም ሳትጠይቁ እንዳትነሱ። የእሱን ስም ካልጠየቃችሁት ማንም በራሱ አያነሳላችሁም።